በሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ፊት ለፊት ስላለው የሕዝብ ቤት

እንግሊዞች መጠጥ ቤታቸውን «ፐብ» ብለው ይጠሩታል። ይህ አጠራር ያጠረ ነው እንጂ ሙሉ ስሙ «ፐብሊክ ሐውስ» ነው፤ ትርጓሜውም «የሕዝብ ቤት» ማለት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የጉባኤ አዳራሽ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ባለቤት ቢራ ጠምቆ ወይም ከጠማቂ ገዝቶ፥ የመኖሪያ ቤቱን የፊት ክፍል ለመንገደኛና ለጎረቤት ከፍቶ፥ ከራሱ ምድጃ ዳር እያስቀመጠ ይሸጥ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ከፎቁ ላይ ይኖራሉ፤ ሕዝቡም ከታች ይጠጣል። ቤቱ የሰውዬው መኖሪያ ሳለ የሕዝብም ቤት ሆነ፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። በአገራችንም ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ከደጅዋ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ፥ ልጆችዋን በምታሳድግበት በዚያው ክፍል እንግዳ ስለምትቀበል፥ ነገሩ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ዛሬ ግን ከእንግሊዝ የሕዝብ ቤቶች ብዙዎቹ የአንድ ቤተ ሰብ መሆናቸው ቀርቷል። አንድ ኩባንያ በመቶ የሚቈጠሩ ቤቶችን ገዝቶ በአንድ ሹም ሥር ያስተዳድራቸዋል፤ በየቤቱም ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ያስቀምጣል። እንግዲህ ቤተ ሰቡ ከፎቁ ወርዶ ከሄደ በኋላ ከቤቱ የቀረው ምንድር ነው? ወደዚያ የሚገባው ባለ ትዳርስ ከራሱ ቤት ጋራ ነገሩ እንዴት ነው? ይህን ለመመልከት በሎንዶን ከተማ ሳለን በአንድ ሐሙስ ማታ ከነዚህ ቤቶች አንዱን ጐበኘን። መሪያችን ከጣቢያው አጠገብ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቤት የሚሠራው የወንድማችን ልጅ ነበረ። ከሚስቱና ከአራት ዓመት ልጁ ጋራ የሚኖረው ግን ከከተማው ወደ ምሥራቅ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ነው። ቀኑ ሐሙስ የሆነው በእኛ በኩል ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ነው፤ በእነርሱ በኩል ደግሞ ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ የቢሮ ሠራተኞች ዓርብን ከቤታቸው ሆነው ስለሚሠሩ፥ የሳምንቱ መጨረሻ ማምሻ ወደ ሐሙስ ዞሯል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቤቱ የሚገኘው በሊቨርፑል ስትሪት የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ጣቢያው በ1874 ተከፈተ፤ ወደ ኮልቼስተር፥ ወደ ኖርዊችና ወደ ካምብሪጅ የሚሄዱ ባቡሮች ከዚህ ይነሣሉ። በሜይ ወር 2022 የኤልሳቤጥ መስመር የተባለው አዲስ ባቡር ከከተማው ሥር ማለፍ ስለ ጀመረ የተሳፋሪው ቍጥር እጅግ ጨመረ፤ ከኤፕሪል 2023 እስከ ማርች 2024 ባለው አንድ ዓመት የገባውና የወጣው ሰው ሲቈጠር ከ94 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ከአገሩ ጣቢያዎች ሁሉ ቀደመ። ከቀኑ በ11 ሰዓት ተኩል ከአዳራሹ ገብተን ስንመለከት፥ ሺህ የሚሆን ሰው አንገቱን አቅንቶ ወደ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንጋጦ ቆሟል። የሚናገር የለም። በሰሌዳው ላይ የመሳፈሪያው ቍጥር ብልጭ ባለ ጊዜ ከሕዝቡ አንዱ ወገን ከአቍማዳ እንደ ፈሰሰ እህል ወደ አንድ በር ይሮጣል፤ የቀረው ግን እንደ ቆመ ይቈያል። ባቡሩ የዘገየበት ወይም ያመለጠው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለመረዳት መጠየቅ አያሻም፤ መንገዱን ተሻግሮ ነው።

ከጣቢያው ደጅ ሻንጣ የያዙ ሕፃናት ሐውልት ቆሟል። ከዲሴምበር 1938 እስከ ሴፕቴምበር 1939 ድረስ 10 ሺህ ገደማ የሚሆኑ፥ አብዛኞቹ የአይሁድ ልጆች ከናዚ መንግሥት ለማምለጥ ያለ ወላጆቻቸው ወደ እንግሊዝ አገር መጡ፤ ብዙዎቹም ከወደብ በባቡር ተጭነው በዚህ ጣቢያ ወረዱ፤ የሚያሳድጓቸውም ሰዎች እየመጡ ተቀበሏቸው። ሐውልቱን በ2006 የሠራው ፍራንክ ማይዝለር ራሱ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። የማታው መንገደኛ ከነሐሱ ሻንጣ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ያልፋል።

መንገዱ ቢሾፕስጌት ይባላል፤ «የኤጲስ ቆጶስ በር» ማለት ነው። በሩ የከተማው ቅጥር በር ነበር፤ በ1760 ፈረሰ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ጣቢያው ባለበት ስፍራ በ1247 በቅድስት ማርያም ዘቤተ ልሔም ስም አንድ ገዳም ተተክሎ ነበር። ገዳሙም በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ማኖሪያ ሆነ፤ የሕሙማኑ ጩኸት ስለ ተሰማ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ሁከትና ትርምስን «ቤድላም» ይሉታል፤ ቃሉ «ቤተ ልሔም» የሚለው ስም ተበላሽቶ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእኛ መጠጥ ቤት ደግሞ ዱሮ «የጥንቷ ኢየሩሳሌም» ይባል ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ላደገ ሰው ከቤተ ልሔም ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ኢየሩሳሌም መግባት፥ በውስጧም ቢራ ማዘዝ፥ ፈገግታ የሚያመጣ ነው።

የቤቱ የዛሬ ስም ግን «ደርቲ ዲክስ» ነው፤ «የቈሻሻው ዲክ ቤት» እንደ ማለት ነው። ለምግብና ለመጠጥ ቤት እንዲህ ያለ ስም መስጠት ለጆሯችን ይከብዳል፤ ሆኖም ከስሙ በስተኋላ የአንድ ሰው ታሪክ አለ። እኛም በሥራችን ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋራ ስለምንውል፥ የታወቀውንና የሚባለውን ለይተን እናቀርበዋለን።

የታወቀው ይህ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ናትናኤል ቤንትሊ የተባለ ነጋዴ በሌደንሆል መንገድ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ነበረው። በወጣትነቱ በልብሱና በአካሄዱ የተደነቀ ሽቅርቅር ነበር። በኋላ ግን መታጠብና ልብስ መለወጥ ተወ፤ ቤቱንም ማስጠረግ ተወ፤ መደብሩ በአቧራና በሸረሪት ድር ተሞላ። ገዢዎች ከዕቃው ይልቅ እርሱን ለማየት ይመጡ ጀመር። በ1804 ንግዱን አቆመ፤ በ1809 ሞተ።

የሚባለው ደግሞ ይህ ነው። ቤንትሊ ሊያገባ ቀን ቈርጦ፥ የሠርጉም ማዕድ ተሰናድቶ ሳለ፥ እጮኛው በዚያው ቀን ሞተችበት። እርሱም ማዕዱ የተዘረጋበትን ክፍል እንዳለ ዘግቶ ቈለፈ፤ ምግቡ በሳሕኑ ላይ እንደ ነበረ ቀረ፤ ዳግመኛም በሩን አልከፈተም። እጅህን ስለ ምን አትታጠብም ያሉት እንደ ሆነ፥ ዛሬ ቢታጠብ ነገ መቈሸሹ አይቀርም ብሎ ይመልስ ነበር ይባላል። ደብዳቤ «ለቈሻሻው መደብር፥ ሎንዶን» ተብሎ ብቻ ቢላክ ይደርሰው ነበር ይላሉ። በ1853 ዊሊያም አሊንግሃም የተባለ ባለቅኔ ታሪኩን በግጥም አድርጎ ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አወጣው። ዲከንስም በ1860ና በ1861 «ታላቅ ተስፋ» በተባለው መጽሐፉ በሠርግዋ ዕለት የከዳትን ሙሽራ እያሰበች ከነሠርግ ልብስዋ፥ ከበሰበሰው ማዕድ አጠገብ ያረጀች ሴት ስለ ጻፈ፥ ምሳሌው ይህ ነጋዴ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ደራሲው ግን ስለዚህ ምስክርነት አልሰጠም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የንግድ ነው። የቢሾፕስጌቱ መሸታ ቤት ባለቤት ከቤንትሊ ቤት የወጣውን ዕቃ ከነአቧራው፥ ከነሸረሪት ድሩ፥ ከነደረቁት ድመቶች ገዝቶ በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ሰቀለው፤ ስሙንም ከኢየሩሳሌም ወደ ቈሻሻው ዲክ ለወጠው ይባላል። ሕንፃው ራሱ በ1870 ገደማ እንደ ገና የተሠራ ነው። ስለዚህ ያ ሐዘንተኛ በዚህ ጣሪያ ሥር አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም፤ እጮኛውም ከዚህ ደጅ አልወጣችም። ያለው የተገዛ ሐዘን ነው። በአገራችን ሐዘን የራሱ ወሰን አለው፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጡታል፤ አርባውና ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱም ይታሰባል፤ ጎረቤት እህል ይዞ ገብቶ «በል ቅመስ» ይላል፤ ጊዜው ሲደርስ ዘመድ መጥቶ የሐዘኑን ልብስ ያስወልቃል። ለዚህ ባለጸጋ ነጋዴ ግን በሩን አንኳኩቶ ውኃ የሚያስነካው አንድ ሰው አለመገኘቱን ስናስብ፥ ከድመቶቹ ይልቅ ይህ አሳዘነን።

ድመቶቹን ለማየት የሚሻ ሰው ዛሬም ያያቸዋል፤ ግን ከአቧራው ተለይተው ከመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የጤና ጥበቃ ሕግ በማንኛውም ምግብ ቤት ሸረሪት ከማዕድ በላይ ድር እንዲያደራ አይፈቅድምና፥ ቈሻሻው ዲክ በስተመጨረሻ ታጠበ ብሎ መሪያችን ቀለደ። ከዚህ በቀር ቤቱ የተወለወለ ነው። ከጠቈረ እንጨት የተሠራ ረዥም ባንኮኒ አለ፤ ከታች ደግሞ ምድር ቤት አለ። ከባንኮኒው ፊት ሰልፍ የለም፤ ሰው እንደ ገባ ቦታ ባገኘበት ይቆማል፤ የምትቀዳው ወጣት ግን ማን ማንን እንደ ቀደመ በዓይንዋ መዝግባ ይዛለች። አንድ ሽማግሌ ተራው ሳይሆን በተጠየቀ ጊዜ «ይህ ጌታ ቀድሞኛል» ብሎ ወደ እኛ አመለከተ። ብዙ ዳኞች የማይቈጣጠሩት ሥርዓት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲያገኝ ማየት ለጸሐፊ የሚያስቀና ነው።

አሁን ስለ ቤቱ ባለቤት እንናገር። ቤቱ ያንግስ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው የተጀመረው በ1831 ነው፤ ያን ጊዜ ቻርልስ ያንግ ከአንድ ባልንጀራው ጋራ ሆኖ ከሎንዶን በስተደቡብ በዋንድስዎርዝ የነበረውን የበግ ምልክት ያለበትን የቢራ መጥመቂያ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቢራውን ራሱ እየጠመቀ፥ በትላልቅ ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላም እያደለ፥ የሚሸጥባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ገዛ። በእንግሊዝ አገር ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ጠማቂው ቤቱን ይገዛል፤ የቤቱ ሰው ከዚያ ጠማቂ ቢራ በቀር የሌላውን እንዳይሸጥ ይታሰራል። መንግሥት ይህ እስራት የበዛ መስሎት በ1989 ከ2 ሺህ ቤት በላይ ያላቸውን ጠማቂዎች ብዙ ቤቶቻቸውን ከእስራቱ እንዲለቁ አዘዘ። ዐሳቡ ቤቶቹ ነጻ እንዲወጡ ነበር፤ የሆነው ግን ቢራ የማይጠምቁ፥ ቤት ብቻ የሚሰበስቡ አዳዲስ ኩባንያዎች መነሣት ነው። ሕግ አንዱን በር ሲዘጋ ገንዘብ በሌላው መግባቱን እዚህም አየነው።

ያንግስ ትንሽ ስለ ነበር ትእዛዙ አልነካውም፤ እርሱን የለወጠው የመሬት ዋጋ ነው። የመጥመቂያው ቦታ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ስለ ሆነ በ2006 ጠመቃው ቆመ። ኩባንያውን ለብዙ ዘመን የመራው የዚያ ቤተ ሰብ ልጅ ጆን ያንግ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፥ የመጨረሻው ቢራ በሚጠመቅበት ሰሞን ሞተ። ዛሬ ኩባንያው ከ200 በላይ የሕዝብ ቤቶችና ሆቴሎች አሉት፤ መጥመቂያ ግን የለውም። በስሙ የሚጠራውን ቢራ ሌሎች ይጠምቁታል። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ቤቱ በውስጡ ባልኖረ ሰው ስም ይጠራል፤ ቢራውም በማይጠምቀው ሰው ስም ይጠራል። ሆኖም በብርጭቆው ያለው ቢራ እውነተኛ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ይህ ቢራ እኛ ከምናውቀው የጠርሙስ ቢራ የተለየ ነው። ገብሱ በቅሎ ብቅል ይሆናል፤ ከዚያም የሆፕ አበባ ይጨመርበታል። ሆፕ እንደ ሐረግ የሚወጣ ተክል ሲሆን ሥራው የኛ ጌሾ የሚሠራውን ነው፤ ምሬት ይሰጣል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ቢራው ሳይጣራ ከበርሚሉ ገብቶ እዚያው መብላላቱን ይቀጥላል፤ በርሚሉም ሙቀቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ በሆነ ምድር ቤት ይቀመጣል፤ ቀጂዋም በእጅ መሳቢያ እየጐተተች ታወጣዋለች። አንዴ ከተከፈተ በሦስት ቀን ያህል ማለቅ አለበት፤ ያለዚያ ይኮመጥጣል። ጠላ ያጣራች ባልቴት ሁሉ ይህን ሥራ ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች። በ1960ዎቹ ዓመቶች ታላላቆቹ ጠማቂዎች ይህን አድካሚ ቢራ ትተው በጋዝ የሚገፋ ቢራ ማብዛት ስለ ጀመሩ፥ በ1971 ጠጪዎች ማኅበር አቁመው ተከራከሩ፤ ያንግስም በርሚሉን ካልተዉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ብርጭቆው አንድ ፓይንት ይባላል፤ 568 ሚሊ ሊትር ነው። ልኩ በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ ምልክት ካለበት ብርጭቆ በቀር መቅዳት አይፈቀድም። ዋጋው በዚህ ሰፈር ከ6 ፓውንድ በላይ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ሳይጠጣ ነው።

የዚህ ገጽ ነገር ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እንግሊዞች ብቻ ለብቻ አይገዙም፤ «ራውንድ» የሚሉት ተራ አላቸው። አራት የሥራ ባልንጀሮች አብረው ቢገቡ አንደኛው ለአራቱም ይገዛል፤ ሲጨርሱ ሁለተኛው ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ተራው ይዞራል። የሌላውን ጠጥቶ በራሱ ተራ መሄድ ትልቅ ነውር ነው፤ የንፉግ ስም ያስወጣል። ስለዚህ በአራት ሰው መካከል የተቀመጠ ሰው ቢወድም ባይወድም አራት ብርጭቆ ተመድቦለታል። አንዱን ብርጭቆ በግማሽ ሰዓት ቢጠጣው፥ በ11 ሰዓት ተኩል የገባው ሰው በ1 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ የባቡሩን አንድ ሰዓት ሲጨምርበት ሕፃን ልጁ ተኝታ ይደርሳል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ለጋስ ሆነው አመሹ። በአገራችንም «እኔ ልክፈል፥ እኔ ልክፈል» በመባባል ስንት ራት እንደ ቀዘቀዘ ባለ ትዳሮች ሁሉ ያውቁታል።

የወንድማችንን ልጅ ስለዚህ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ጋሼ፥ እርሶን ምን እደብቃለሁ» አለ። «በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ አመሽ ነበር። ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቈጣችኝም። ከወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የቀን መቍጠሪያ አለ፤ እኔ የገባሁበትን ሰዓት በየቀኑ በእርሳስ ትጽፍበታለች። ለማንም አታሳይም፤ ለእኔም አትናገርም። አንድ እሑድ ሻይ ሳፈላ አነበብሁት።»

«ምን አልሃት?» አልነው።

«ምንም አላልኋትም። ምን ይባላል ጋሼ? ሰዓቱ እውነት ነው።»

እኛ በመዝገብ ሥራ ብዙ ዘመን የቈየን ስንሆን፥ ያለ አንዳች ቃል እንዲህ የጸና መዝገብ አላየንም። እርሱ ከዚያ ወዲህ ያገኘው ዘዴ ይህ ነው። ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ባንኮኒው ሄዶ የመጀመሪያውን ተራ ራሱ ይገዛል። አንዱን ብርጭቆ ጠጥቶ ሲነሣ የማንም ዕዳ የለበትም፤ ከፍሎ የሄደን ሰው ንፉግ የሚለው የለም። የቀሩት ሦስቱን ብርጭቆ ለባልንጀሮቹ ትቶላቸው ይሄዳል። ገንዘቡ በብርጭቆ ቢታሰብ ይጐዳል፤ በሌላ ሒሳብ ግን ትርፉ ብዙ እንደ ሆነ ነገረን። የቀን መቍጠሪያውስ ብለን ብንጠይቀው፥ ሚስቱ አሁንም እንደምትጽፍ፥ አንዳንድ ቀን ግን ባዶ እንደምትተወው ነገረን።

ቀድሞ ይህን ሥራ በከፊል ሕጉ ይሠራው ነበር። በ1914 በተነሣው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ሰክረው እንዳይውሉ መንግሥት የመጠጥ ቤቶችን ሰዓት አሳጠረ፤ ከቀትር በኋላም እንዲዘጉ አዘዘ። ጦርነቱ ካለቀም በኋላ ትእዛዙ ሳይነሣ ቈየ፤ የቀትር በኋላው መዘጋት የቀረው በ1988 ነው። ማታም ብዙ ጊዜ በእነርሱ አቈጣጠር በ11 ሰዓት፥ በእኛ በ5 ሰዓት ሌሊት ደወል ተደውሎ የመጨረሻው ትእዛዝ ይታወጅ ነበር። ከኖቬምበር 2005 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ቤት እንደ ፈቃዱ ወረቀት ሰዓቱን ይወስናል። ደወሉ ዛሬም በብዙ ቤት ይደወላል፤ እኛ ግን እስኪደወል አልቈየንም።

ሴቶችም በዚህ ቤት ያላቸው መብት የቅርብ ጊዜ ነው። በምሽቱ ከተቀመጡት እኩሌታ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ራሳቸው ያዝዛሉ፤ ራሳቸው ይከፍላሉ። በ1975 ሴትና ወንድን በአገልግሎት መለየት የሚከለክል ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን የቤቱ ሰው ሴትን አላስተናግድም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በፍሊት መንገድ የሚገኝ ኤል ቪኖ የተባለ የወይን ቤት ሴቶች ከባንኮኒው ፊት ቆመው እንዳያዝዙ፥ ከኋላ ክፍል ተቀምጠው ብቻ እንዲጠጡ ያደርግ ነበር። ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ በመጀመሪያው ፍርድ ተረቱ፤ በ1982 የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ፈረደላቸው።

ስለ ልጆች ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ የሚያሰክር መጠጥ ሊገዛ አይችልም። 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ከምግብ ጋራ፥ አብሮት ያለ ትልቅ ሰው ከገዛለት፥ ቢራ ወይም ወይን ሊጠጣ ይፈቀድለታል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዋናነት መጠጥ ወደሚሸጥበት ቤት ያለ ትልቅ ሰው አይገባም፤ ቤቱም ከሕጉ የጠበበ ሰዓት ሊወስን ይችላል። ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በውስጥ ትንባሆ ማጨስ ስለ ተከለከለ፥ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ለምሳ መግባት አብዝተዋል። በዚህም ምክንያት ቤቶቹ ከመጠጥ ይልቅ ከምግብ የሚያገኙት እየበዛ ሄዷል፤ አልኮል የሌለበት ቢራም አይታጣም። የወንድማችን ልጅ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲያስፈልገው የሚያዝዘው ይህን ነው።

የቤተ ሰቡ ነገር ቢጠፋም ከሰፈሩ አንድ ምስክር አለ። ከመጠጥ ቤቱ ጥቂት እልፍ ብሎ የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዲሴምበር 1795 ጆን ኪትስ የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በዚያ ተጠመቀ። ይህ ባለቅኔ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ልጅ ነው። አያቱ በሙርጌት አጠገብ ፈረስ የሚከራይበት፥ እንግዳም የሚያድርበት ቤት ነበረው፤ አባቱ የዚያ ቤት ፈረስ ጠባቂ ሳለ የባለቤቱን ልጅ አገባ። ልጃቸውም በጋጣውና በቢራው በርሚል መካከል አደገ። አባትየው በ1804 ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ያ ዓመት ቤንትሊ ሱቁን የዘጋበት ዓመት ነው። ዛሬ ባለው የኩባንያ ሥርዓት ግን ሥራ አስኪያጁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራልና፥ ከፎቁ ላይ ሕፃን አልቅሶ ከታች የሚሰማበት ቤት እየጠፋ ነው። እኛ በዚያች ማታ ከቀጂዋ ጋራ ጥቂት ተነጋግረን ነበር፤ ተማሪ ናት፤ ከመንገዱ በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ርቃ ትኖራለች። ሰውን ሁሉ በስሙ ለመጥራት የምትሞክረው ስለ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፥ የአያትዋ አያት በገጠር እንዲህ ያለ ቤት እንደ ነበራቸው ነገረችን። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

የወንድማችን ልጅ በ12 ሰዓት ከሩብ ኮቱን አንሥቶ ተሰናበተን፤ መንገዱንም ሲሻገር በመስኮት አየነው።

ወደ ሎንዶን የሚሄድ አንባቢ ይህን ቤት ሊያይ ቢፈልግ፥ ከቀኑ በ9 ሰዓት ገደማ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ያን ጊዜ መቀመጫ አለ፤ ቀጂዎቹም ለመነጋገር ጊዜ አላቸው። የሚያስገባውን ሰው እየጠበቁ በር ላይ መቆም አያስፈልግም፤ አሳላፊም እስኪመጣ መቀመጥ አይገባም፤ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ማዘዝ ነው። ምግብ ለሚፈልግ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ ከተፈጨ ድንች ጋራ ወይም የተጠበሰ ዓሣ ይገኛል፤ ድርሻው ለሁለት ሰው ይበቃል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ድመቶቹን ማየት የሚሻም ቀጂዋን ቢጠይቅ ሣጥኑ ያለበትን ትነግረዋለች፤ ሕፃናት ግን ሊፈሩ ስለሚችሉ ምግባቸውን ሳይበሉ ባያዩአቸው ይሻላል።